ከጉባኤ ቃና እስከ ፍሬሽማን

መንዝ ውስጥ ካለችው ከዘመሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ልጅ ጓዝ ውስጥ አንድ ሻንጣ የማይችለው ዕቃ አይጠፋም፤ ባና። የመንዝ በግ ፀጉር ተባዝቶ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ የተሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ነው። ተጠቅልሎ በገመድ ይታሰርና ሻንጣው አናት ላይ ይጫናል። ምደባው ሠመራ ይሁን ጅግጅጋ እናት አትጠይቅም፤ ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ልጅ ያሳደገች ሴት ብርድ የሌለበት አገር አለ ቢሏት አታምንም። ሠመራ የደረሰው ልጅ ባናውን አንድ ሌሊት እንኳ ሳይለብሰው አልጋ ሥር ያኖረዋል፤ ክረምት ሲመጣ ተሸክሞት ይመለሳል።

ልጁ ከመሳፈሩ በፊት ከጎረቤት ሽማግሌዎች አንዱ «ለመሆኑ ምን ልትማር ነው?» ማለታቸው አይቀርም። «ገና ነው አባባ፤ ፍሬሽማን ነኝ። ዲፓርትመንት የምንመርጠው ኋላ ነው» ይላል። እንዲህ ያለውን መልስ አንድ ጊዜ አጠገቤ ሲሰሙ የነበሩ አዛውንት ምንም አልተደናገሩም። «እህ፣ ገና ንባብ ቤት ነህ በለኛ!» አሉና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

እኔ ግን ወደ ጨዋታዬ መመለስ አልቻልኩም። እኚህ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩት ነገር የትምህርት ሚኒስቴር ፖሊሲ አውጪዎች ሲያስገቡትና ሲያስወጡት ብዙ ዓመት የፈጀባቸው ነው። ሙያ ከመለየቱ በፊት ከሁሉም ጥቂት ጥቂት የሚያስተምር፣ ተማሪውን ይዞ የማያስቀር፣ አብስሎ ወደ ሌላ ደጅ የሚያሻግር ትምህርት ቤት አለ። አሜሪካኖች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብለው ሕንፃ ሠርተውለታል፤ እዚያ የሚሰጠውንም ሊበራል አርትስ ይሉታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ስሙ በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ ነገሩ ግን ከእነርሱ በፊት ነበረን።

የአብነት ተማሪውን መንገድ እንከተል። ንባብ ቤት ገብቶ ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ይዘልቃል፣ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤቱ ቢቀርም አንባቢ ተብሎ ይከበራል፤ ልቡ የተነሣ ግን ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይወጣል። ዜማ ቤት ይገባል። ከዚያ ቅኔ ፍለጋ ግሼን አልፎ ወሎ፣ ዋድላ ይወርዳል፤ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ዋሸራና ጎንጅ ይደርሳል። አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ የፈለገ ጎንደር ድረስ ይዘልቃል። ድጓውን የሚያስመሰክረው ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አምባ። አንድ ሰው ሊቅ እስኪባል ድረስ አራትና አምስት አገር ይዞራል፤ ሁሉንም በአንድ ደብር ተቀምጦ የተማረ ሊቅ እምብዛም አይገኝም።

የመሸጋገሪያው ምሥጢር በደንብ የሚታየው ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይሠራል፤ በእኛ አገር ቢሆን የሚከድነው በጓሳ ሣር ነው። ጠዋት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል። ከዚያ ብቻውን ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። መጀመሪያ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ መምህሩ ያርሙለታል፣ ያፈርሱበታል፣ አንዳንዴም ዝም ይሉታል፤ ዝምታው ከተግሣጽ ይብሳል። ጉባኤ ቃናው ሲሰምርለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ፣ ወደ መወድስ እያለ ቤቱን እያበዛ ይወጣል። ሙሉ ቤት ሲዘርፍ «ተቀኘ» ይባላል። ግሱን፣ አገባቡን፣ ሰሙንና ወርቁን የተማረ አእምሮ ወደ መጻሕፍት ቤት ሲገባ እንደ አዲስ አይጀምርም። «ማን ዘንድ ተቀኘህ?» ብለው ይጠይቁታል። የመምህሩን ስም ይናገራል። ያ ስም ትራንስክሪፕቱ ነው። ስሙን ሰምተው ያልተረጋጉ እንደሆነ ደግሞ «እስቲ አንድ ጉባኤ ቃና ተናገር» ይሉታል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይለያል።

ዛሬ ዲግሪ ሲጨርስ «ተመረቀ» የምንለው ቃል የመጣው ከዚያው ደጅ ነው። ተማሪው ሲሄድ መምህሩ ይመርቁታል፤ ምርቃቱ የትምህርቱ ፍጻሜም የመንገዱ መሰነባበቻም ነው። ከአንዱ ቤት ተመርቆ መውጣት ማለት ወደ ሌላው ለመግባት መብቃት ማለት ነበር። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰባቱ ጥበባት ብሎ ከቆጠራቸው ውስጥ ሰዋስው፣ ዜማ፣ የቁጥርና የከዋክብት ዕውቀት አሉበት። እኛ ዘንድ ሰዋስው በግስና በአገባብ ተሰጥቷል፣ ዜማው በድጓ፣ ቁጥሩና የጨረቃው ሒሳብ በባሕረ ሐሳብ፣ ክርክሩ በአንድምታ። ማንም ማንንም አልቀዳም፤ ሰው ሁሉ ከሙያ በፊት ምን ማወቅ እንዳለበት ሲያስብ የሚደርስበት ቦታ ተቀራራቢ ነው ማለት ብቻ ነው።

ይህን ስል ያለፈውን ማር ማድረጌ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት በአመዛኙ የወንዶች ነበር፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ የቅኔ መምህርት የተነሡት በዚያው ልማድ ላይ ተራምደው ነው። ከቤተ ክርስቲያኗ ውጭ ላለ ሰውም ደጁ ዝግ ነበር። በተስቦና በረኃብ መንገድ ላይ የቀረውን ተማሪ ቁጥር የመዘገበ የለም።

ሆኖም ከመንዝና ከአካባቢው የወጡ ሁለት ሰዎች የዚያን መሠረት ጉልበት ያሳያሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1878 መርሐ ቤቴ ተወለዱ። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ የአብነት ትምህርታቸውን ይዘው ጸሐፊ ሆኑ፣ ደራሲና አሳታሚ ሆኑ፣ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ አገር በስደት ዐረፉ። ከበደ ሚካኤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1916 መንዝ ገርም ገብርኤል ተወለዱ፤ ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው አዲስ አበባ ወደ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ተሻገሩ። የሼክስፒርን ሮሜዎና ዡልዬት በአማርኛ ግጥም የጻፈው እጅ መጀመሪያ ዳዊት ላይ የሠለጠነ እጅ ነው። ሁለቱም ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲዛወሩ የቀደመውን ሸክም ሳይጥሉ የሄዱ ሰዎች ናቸው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ይህን ሰንሰለት በጠሰው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት፣ ተፈሪ መኮንን በ1925 ሲከተል፣ ቅኔ ያወቀ ተማሪ ከማያውቀው እኩል ከአንደኛ ክፍል ጀመረ። የቅኔ ቤት ዓመታት ለምንም አልተቆጠሩም። በቅርብ የማውቃቸው አንድ አዛውንት በዚህ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ያዝኑ ነበር፤ ሃያ ዓመታቸው ላይ ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሲሉ ሕፃኑ ይስቅባቸው ነበርና። ክሬዲት አለመቀበል ከሬጅስትራር መስኮት የጀመረ አይምሰላችሁ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ደግሞ አለ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲወለድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ኮሌጅ እንዲያቋቁሙላቸው አዘዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ33 ተማሪዎች ተጀመረ። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ካባረሩ 300 ዓመት አልፎ ነበር፤ የተመለሱት ማስተማር እንጂ መስበክ እንዳይሞክሩ ተነግሯቸው፣ የካህን ልብሳቸውን አውልቀው፣ ኮትና ከረባት አድርገው ነው። የኪነ ጥበብና የሳይንስ ትምህርት አራት ኪሎ ላይ መስጠት ጀመሩ። ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር ግንኙነት ተፈጠረ፤ ኮሌጁ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ዲግሪ አደገና በ1946 ዓ.ም ቻርተር ተሰጠው። እንደ ጅማሬው የሁለት ዓመት መሸጋገሪያ ሆኖ ቢቀር፣ ወንድሞቹም በደብረ ብርሃን፣ በደሴ፣ በጎንደር ቢከፈቱ ኖሮ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ግን ንጉሡ የፈለጉት ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ አገሪቱም ዲግሪ ያለው ሰው ቸግሯት ነበር፤ አይፈረድም።

ከዚያ ጎን ለጎን ኮሌጆች በቀሉ፦ የምሕንድስና፣ የሕንፃ፣ የዓለማያ እርሻ፣ የጎንደር ጤና ጥበቃ። እያንዳንዱ በየራሱ አጥር ውስጥ ነበር፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ተማሪ ምን ይዞ እንደሚሄድ የሚደነግግ ደንብ አልነበረም። ከዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የጥናት ቡድን ኮሌጆቹ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር እንዲጠቃለሉ መከረ። በ1954 ዓ.ም ንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን አስረከቡና ስድስት ኪሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆነ። ፍሬሽማን የሚለው ቃል ከተማሪው አፍ ሳይጠፋ የኖረው ከዚያ ወዲህ ነው። ማትሪክ ያለፈ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ባዮሎጂ እንደየዝንባሌው ይወስዳል፤ ከዚያ ይከፋፈላል።

መልካም ሐሳብ ነበር። ግን ገና ከጅምሩ ወንፊትም ሆነ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት የሚለጠፈው ገና ሰሞን ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ስሙን ያጣ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ተማሪዎች በራሳቸው ላይ ሲቀልዱ እነዚህን «ክሪስማስ ግራጁዌት» አሏቸው፤ የገና ምሩቃን። ቀልዱ መራራ ነው። ከመንዝ የመጣ ልጅ ለገና አገሩ ሲገባ ሰው ሁሉ ለበዓል የመጣ ይመስለዋል፤ ጥምቀት አልፎ ሲቀር ነው ነገሩ የሚታወቀው። ያ ልጅ አራት ወር የተማረው ነገር የትም አይቆጠርለትም። የሚያሻግር ቤት ተብሎ የተሠራው ቤት የሚጥል ቤትም ነበር፤ ይህ ጠባዩ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ደርግ ሲመጣ በ1967 ዓ.ም ተማሪው ሁሉ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ሲከፈት ፍሬሽማንም አብሮ ተመለሰ። በዚያ ዘመን የሁለት ዓመት ዲፕሎማ የሚሰጡ ጁኒየር ኮሌጆችም ነበሩን፤ የጅማና የአምቦ የግብርና ኮሌጆች በዚህ ስም ይታወቁ ነበር። ስማቸው ከአሜሪካ ጁኒየር ኮሌጅ ጋር አንድ ነው፤ ሥራቸው ግን ሌላ። የተቋቋሙት ባለሙያ አፍርተው ወደ ሥራ ለመስደድ እንጂ ተማሪ አብስለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለማሻገር አልነበረም። ዲፕሎማ ይዞ ሠርቶ፣ ዓመታት ቆጥሮ፣ አለቃው ፈርሞለት ወደ ዲግሪ የሚመለስ ሰው ነበር፤ «አድቫንስድ ስታንዲንግ» ይሉታል። ዕድሉ የጥቂቶች ነበር።

ከዚያ 1986 ዓ.ም መጣ። አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን በአሥረኛ ክፍል ዘጋና 11ኛና 12ኛን «መሰናዶ» አደረጋቸው። ሐሳቡ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ወደ መሰናዶ ይውረድ፣ ዲግሪውም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ይጠር የሚል ነበር፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተፈጸመ። ፍሬሽማን ሞተ። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ይሰምራል፤ አንድ ዓመት ከላይ ቀንሰህ ትምህርቱን ወደ 11ኛና 12ኛ አወረድህ። ግን ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመቱን ሲያወርድ ቤተ መጻሕፍቱን አላወረደም፤ መምህራኑንም አላወረደም።

መሰናዶ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት የወረዳ ከተማ የኪራይ ቤት መግባት ይበቃል። ከገጠር ቀበሌ የመጡ ሦስትና አራት ልጆች በአንድ ጭቃ ቤት ይኖራሉ። አርብ ከሰዓት በኋላ ክፍል ሲያልቅ አገር ቤት በእግር ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ፦ የገብስ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ የሽሮ ዱቄት በፌስታል። ሐሙስ ላይ ስንቁ ይሳሳል፤ በሶ በውኃ ይበጠበጣል። ጥናቱ በኩራዝ፣ መብራት ከኖረ በአንዲት አምፖል። ለምድና አኩፋዳ ቀረ እንጂ ያው የቆሎ ተማሪ ነው። ልዩነቱ ቅኔ ቤት ያለው መምህር በሙያው የመጨረሻው ሰው ሲሆን እዚህ ግን የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ዓመት አስተምር የተባለው ሰው ራሱ መጽሐፉን የሚያየው ከተማሪው ጋር እኩል ነው። ወቀሳዬ መምህሩ ላይ አይደለም። የሌለውን ስጥ ተብሎ የታዘዘ ሰው ነው።

በ2001 ዓ.ም ደግሞ 70 በ30 መጣ፤ ከመቶ ተማሪ ሰባው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው የማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተባለ። ታሪክ ወይም ፍልስፍና መማር የፈለገ ልጅ የሰነፍ መጠጊያ የመረጠ ተደርጎ ታየ። ሊበራል አርትስ የሚባለው ነገር አገራችን ውስጥ የዚያን ጊዜን ያህል የተዋረደበት ወቅት ያለ አይመስለኝም።

በእነዚሁ ዓመታት ግን ሳይታሰብ፣ ማንም «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» ሳይለው፣ እውነተኛው የሽግግር መንገድ በጎን ተከፈተ። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው። አሥረኛን ጨርሶ መሰናዶ ያልገባ የመንዝ ልጅ ደብረ ብርሃን መምህራን ኮሌጅ ገብቶ 10+3 ተምሮ ዲፕሎማ ይይዛል፤ ቆላ ወርዶ ወይም ደጋ ወጥቶ ያስተምራል። ከዚያ «ዲግሪ ላሻሽል» ይላል። ሐምሌ ሲገባ መደበኛ ተማሪው የለቀቀውን ዶርም ባለትዳር መምህራን ይሞሉታል። ግቢው ጠባዩ ይለወጣል፤ ልጅ ያዘለች፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ከደብተሩ መሃል የቤት ካርታ የሚወድቅበት ተማሪ ይበዛል። ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ ደመወዝና ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ፤ ጠዋት ሳይኮሎጂ ይፈተናሉ። ክረምት በክረምት ላይ ተደምሮ ዲግሪ ይሆናል። ማንም ተመራማሪ ብዙ ሊጽፍለት የሚገባው ይህ የክረምት ፕሮግራም ነው፤ በገጠር አማራ ዲፕሎማን ሳይጥል ወደ ዲግሪ ያሻገረ ሰፊው ድልድይ እርሱ ነበርና። ጉድለቱ ለመምህር ብቻ መሆኑ ነው።

በ2010 ዓ.ም የትምህርት ፍኖተ ካርታ ሲዘጋጅ ጥፋቱ ታመነ። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም ተመለሰ፤ ዲግሪውም ወደ አራት ዓመት። የአዲሶቹን ኮርሶች ስም ዝርዝር ያየ ሰው ደስ ይለዋል፦ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሥነ ምግባርና ሥነ ዜጋ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የእንግሊዝኛ ክህሎት፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ስፖርትም ጭምር። ንባብ ቤት ተመለሰ ማለት ነው። የታሪኩ ሞጁል ግን ከሁሉም በላይ አከራከረ፤ ያልተከራከርንበት ታሪክ ስለሌለን አይገርምም። የመጀመሪያው ዙር ሁለተኛውን ሴሚስተር ሳይጨርስ ኮሮና መጣ፤ መጋቢት ላይ ግቢዎች ተዘጉ፣ ባናዎቹ ተጠቅልለው ወደ መንዝ ተመለሱ።

ኮርሶቹ ጥሩ ናቸው ብያለሁ፤ አጠቃቀማችን ነው የከፋው። ተማሪው ሎጂክን የሚማረው ለማሰብ አይደለም፤ ነጥብ አጠራቅሞ ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ለመግባት ነው። ክፍሉ በጣም ብዙ ተማሪ ይዟል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው ገና ትናንት የተቀጠረ ሌክቸረር ነው፤ ነባሮቹ ፍሬሽማን ማስተማርን እንደ ቅጣት ያዩታል። ቅኔ ቤት ቢሆን ጀማሪውን የሚያስቀጽል አለ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ግን ራሳቸው የኔታ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዓመት የኔታ የለውም። ዲፓርትመንት የለውም፣ ሕንፃ የለውም፣ የሚከራከርለት ዲን እንኳ እንደ እንግዳ ነው። ባለቤት የሌለው ዓመት ነው።

ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ። በ2015 ዓ.ም መግቢያ የተሰጠው ፈተና ውጤት ሲገለጥ 50 በመቶ ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዙር 3.2 በመቶ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ባዶ ሊቀሩ ሆነ። ስለዚህ ሪሚዲያል መጣ፤ ካላለፉት ውስጥ የተሻሉት ግቢ ገብተው የ11ኛና የ12ኛን ትምህርት እንደገና ያጠኑ፣ ተፈትነው ያለፉት ፍሬሽማን ይሁኑ ተባለ። በዚህም አንድ ተማሪ ሙያውን ሳይነካ በሪሚዲያልና በፍሬሽማን እስከ ሁለት ዓመት ሊያልፍበት ቻለ። እንግዲህ የሁለት ዓመት ኮሌጅ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ከሪሚዲያል ቢወድቅ በእጁ የሚይዘው ምንም ነገር የለም። እንደ ገና ምሩቃኑ።

አሜሪካኖቹ ምን አድርገው ነው ታዲያ? የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ዊልያም ሬኒ ሃርፐር የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ከላይኛው ሁለት ዓመት ለዩ፤ የታችኛው በየከተማው ሊሰጥ ይችላል አሉ። በእርሳቸው ምክር በቺካጎ አቅራቢያ ጆሊየት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 በስድስት ተማሪዎች የመጀመሪያው የሕዝብ ጁኒየር ኮሌጅ ተከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ ፕሬዝዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው ይስፋፉ አለ። ዛሬ ዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ኖቫ ጀምሬያለሁ» ሲል የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ማለቱ ነው፤ ሜሪላንድ ያለው ደግሞ ሞንጎመሪ ኮሌጅን። ሌሊት ፓርኪንግ የሠራች ልጅ ጠዋት አሌክሳንድርያ ግቢ ገብታ የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ታሪክና ባዮሎጂ ትማራለች። 60 ክሬዲት ስትሞላ ስምምነት ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ትዛወራለች፤ ዲግሪዋ ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ቤቷ አጠገብ፣ በርካሽ፣ ሥራዋን ሳትለቅ። እዚያም ገነት አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳወጣው፣ ከተቋም ወደ ተቋም የሚዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን ያጣሉ። ሰነድ ሞልቶ እያለ እንኳ «ማን ዘንድ ተቀኘህ?» የሚለው ጥያቄ በአግባቡ አይመለስም።

ከዚያው ከሃርፐር ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ሰው ደግሞ እግሩ መንዝን ረግጧል። ሶሺዮሎጂስቱ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ኖረው፣ መንዝ ላይ ጥናት አድርገው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ «ሰምና ወርቅ» የሚል ስም ያለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ወደ ቺካጎ ተመልሰው የኮሌጁ ዲን ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ስለ ሊበራል ትምህርት ወፍራም መጽሐፍ ጻፉ። መንዝ ያስተማረቻቸው ነገር በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ አልመዝንም። ብቻ የሰውን አእምሮ ስለማሠልጠን ዕድሜውን ሙሉ ያሰበ ምሁር ጉባኤ ቃና ከሚነገርበት አገር ማለፉ ደስ ይለኛል።

ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ግጭቱ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ በክልሉ ዓመታት ያመለጡት ልጅ ተቆጥሮ አያልቅም። ተኩሱ ሲበርድ እነዚህ ልጆች በአንድ ፈተና ተወንፍተው 3 ከመቶው ይግባ ቢባል ቀሪው የት ይሂድ? የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የትምህርት ሚኒስቴር የመጀመሪያውን ዓመት ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ ዘመሮ ያውርዱት። እንደ መሰናዶው ዘመን ግን በባዶ እጅ አይውረድ፤ ከነቤተ መጻሕፍቱ፣ ፍሬሽማን ማስተማርን ሥራዬ ብለው ከያዙ ነባር መምህራን ጋር ይምጣ። እዚያ የተማረ ልጅ የያዘውን ክሬዲት ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም ሳያንጓጥጡ የሚቀበሉበት ደንብ ይውጣ። መሃል ላይ ያቆመም ቢሆን የተማረው ተቆጥሮለት፣ ወረቀቱን ይዞ፣ ተመርቆ ይውጣ።